የማይሸተው ክፍል

እህቴ በሕይወት አለች። ይህን ቀድሜ የምናገረው፣ ስለ እሷ ማውራት ስጀምር ሰው ሁሉ ፊቱን አጨማዶ «ነፍስ ይማር» ሊለኝ ስለሚዳዳው ነው። አልሞተችም። እንዲያውም ዛሬ ጠዋት ደውላ ስትጨቀጭቀኝ ነበር። የማወራው ሌላ ነገር ነው። ሰው በቁሙ፣ እየሳቀ፣ ሥራውን እየሠራ፣ ከራሱ ላይ አንድ ነገር ተወስዶበት ሳያውቀው መኖር እንደሚችል አላውቅም ነበር። በእሷ አየሁ።

ታላቄ ናት፤ «እትዬ» ነው የምላት። እናታችን ቀድማ ስላለፈች ያሳደገችኝ እሷ ናት። ስለዚህ በእሷ ላይ አፌን የምከፍተው ከኋላዋ ብቻ ነው፤ ፊት ለፊት ገና እንደ ትንሽ ልጅ ነው የምፈራት። ሥራዋ ትልቅ የሕክምና ላብራቶሪ ውስጥ ነው። ከሰው ገላ ተቆርጦ የመጣውን፣ እጢ በሉት ትርፍ አንጀት በሉት፣ ፎርማሊን ውስጥ ትነክራለች፣ ሰም ታጠጣዋለች፣ ከዚያ ከወረቀት አሳስታ ትቆርጥና መስታወት ላይ ትለጥፈዋለች። ሐኪሙ በማይክሮስኮፕ አይቶ «ክፉ ነው» ወይም «ደህና ነው» ይላል። እሱ የሚያየው እሷ በደንብ ከቆረጠች ነው፤ እሷ ደግሞ በደንብ ትቆርጣለች። በዚህ በኩል ማንም አይወጣላትም።

እኔ ፀጉር ሠሪ ነኝ። በሰፈሩ «ምላጭ» ይሉኛል፤ ስለ እጄ ነው ብዬ እጽናናለሁ። ፎርማሊንን ግን ከእሷ ሥራ በፊት ከራሴ ሥራ ነው የማውቀው፤ አንዳንዱ የፀጉር ማለስለሻ ውስጥ አለበት። ሥጋን ከመበስበስ የሚያድን ነገር ነው። ሽታው አፍንጫ ውስጥ እንደ መርፌ ይገባል፣ ዓይን ያስለቅሳል። አንድ ጊዜ ከመንግሥት የሥራ ደህንነት ቢሮ አንዲት ቀጭን ሴትዮ ወደ ፀጉር ቤቴ መጣች። በሦስት ወንበር ዙሪያ ዞራ ዞራ፣ አየር ማውጫ ካላስገባሽ እዘጋዋለሁ አለችኝ። «ኧረ በፈጣሪ! እዚህ የሚሠሩት ልጆች እኮ ለምደውታል» አልኳት። «እኔን የሚያስፈራኝም እሱ ነው» አለችኝ። እስክትወጣ ድረስ ፈገግ አልኩላት፤ ከወጣች በኋላ የረገምኳትን እርግማን እዚህ አልደግመውም። ማውጫውን ግን አስገባሁ፤ ምን አማራጭ አለኝ!

አሁን ወደ እህቴ ልጅ ልምጣ። እኔ አልወለድኩም፤ ስለዚህ ያቺ ልጅ የእኔም ናት፣ እህቴም ይህን ታውቃለች። ገና በዳዴ ስትሄድ ጀምሮ ዓለምን የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው። አባቷ ገና ደረጃው ላይ ሳለ «አባዬ መጣ» ትላለች። ወተቱ ገና ሳይበላሽ «ነገ ይበላሻል» ትላለች፤ ይበላሻልም። «አነፍናፊት» ነበር የምንላት። እኔ ጋ ስትመጣ የትኛዋ ደንበኛ ከየትኛው ወንበር እንደተነሳች በሽቶው ነግራኝ ታስቀኛለች። አድጋ የላብራቶሪ ትምህርት ጨረሰች፤ እህቴም ለማኝ ሆና፣ ደጅ ጠንታ፣ እዚያው የራሷ ክፍል ውስጥ አስቀጠረቻት።

በዚያ ክፍል አንድ ልማድ አለ። አዲስ ሠራተኛ ሲገባ መጀመሪያ ያለቅሳል። ዓይኑ ይቀላል፣ አፍንጫው ይፈስሳል፣ ጉሮሮው ይዘጋል። የቆዩት በፍቅር ይስቁበታል፣ መሐረብ ያቀብሉታል፣ «ይለቅሃል» ይሉታል። ከዚያ አንድ ቀን ይመጣና አያለቅስም። ያኔ «ለመደ!» ብለው ያጨበጭባሉ፣ ኬክ ይቆረጣል። የቤቱ ልጅ ሆነ ማለት ነው። እህቴም የራሷ ኬክ የተቆረጠበትን ቀን ከሠርጓ ቀን ለይታ አታየውም።

«ልጄ ለመደች!» አለችኝ በስልክ፣ ጆሮዬ እስኪደነቁር። «በይ በመንገድሽ ኬክ ያዢ፣ ክሬም ያለበት።»

ገዝቼ ሄድኩ። እንደ ምድጃ የሚያቃጥል ቀን ነበር፤ የኬክ ቤቱ ማቀዝቀዣ ለካ ከጠዋት ጀምሮ ተበላሽቶ ኖሯል፣ የነገረኝ የለም። ክፍላቸው ምድር ቤት ነው። ደረጃውን ስወርድ ዓይኔ መቆጥቆጥ ጀመረ፤ በሩን ስከፍት ጭራሽ ፊቴ ላይ የጨው ውሃ የተደፋብኝ መሰለኝ። ሳልኩ። አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ከዚያ ማቆም አቃተኝ።

ሁሉም ዞረው አዩኝ። በክፋት አይደለም፤ እሱ ነው የከበደኝ። ነጭ ጋውናቸውን እንደለበሱ፣ ፈገግ ብለው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ሕፃን ሲያስነጥስ እንደሚታየው አድርገው አዩኝ። ክፍሉ ንጹሕ ነው፣ ጸጥ ያለ ነው። በየመደርደሪያው ማሰሮ የሚያህል ብልቃጥ፣ በየብልቃጡ ውስጥ የሰው ቁራጭ። ከላይ ባለችው ጠባብ መስኮት ጠርዝ ላይ ዝንቦች በጀርባቸው ተኝተዋል፤ ገብተው ነበር፣ አልወጡም።

«ነገ ይለቅሻል» አለችኝ አንዷ ጀርባዬን መታ መታ አድርጋ።

«ነገም ልመጣ ነው እንዴ?» አልኳት። ሳቁ።

ግድግዳው ላይ ክብ የአቧራ ምልክትና ሁለት ባዶ ሚስማር አየሁ። ምን ነበር ብዬ የእህቴን ልጅ ጠየቅኳት። «ማንቂያ ነበር አሉ። አየሩ ሲበላሽ ይጮሃል። ዝም ብሎ ቀኑን ሙሉ እንደ ሕፃን ሲያለቅስባቸው ሥራ አስኪያጁ ባትሪ ድንጋዩን አውጥቶ ማንቂያውን መሳቢያ ውስጥ ከተተው።»

«ተበላሽቶ ነው» አለች እህቴ ቢላ እየጠረገች። «ምንም ሳይሸት ይጮሃላ!»

ኬኩ ተቆረጠ። ሥራ አስኪያጁም ከፎቅ ወርዶ መጣ። መጥፎ ሰው እንዳይመስላችሁ፤ የታመመ የሚጠይቅ፣ የሞተ የሚቀብር፣ የሁሉንም ልጅ ስም የሚያውቅ ሰው ነው። ከዚያው ክፍል ነው ያደገው፤ የእሱ ኬክ ከሁሉም በፊት የተቆረጠ ነው። ለልጅቷ አጨበጨበላትና ትልቁን ቁራጭ ሰጣት። እኔም አንዴ ጎረስኩ።

ክሬሙ ተበላሽቷል። ምላስ ላይ ስኳሩ ይሸፍነዋል፤ አፍንጫ ላይ ግን ምን ልበላችሁ፣ ሸቷል! በሶፍት ውስጥ ተፋሁትና፣ በእፍረት ሞቼ፣ «ይቅርታ፣ አትብሉት» ልል ቀና አልኩ።

እየበሉት ነበር። ሁሉም። «የት ገዛሽው? በጣም ጥሩ ነው» አለችኝ ጀርባዬን የመታችኝ። ሥራ አስኪያጁ ሁለተኛ ቁራጭ አነሳ። ማንኪያው ሰሃኑን ሲነካ ከሚሰማው በቀር ድምፅ የለም፤ ነጭ ለብሰው፣ በየብልቃጡ መሐል ቆመው፣ የበሰበሰ ክሬም ይበላሉ፣ ፈገግ ይላሉ። ወደ አነፍናፊቷ ዞርኩ። ነገ የሚበላሸውን ወተት ዛሬ የምታውቀው ልጅ ጣቷን ላሰች። ያን ዕለት ሬሳ መሐል ቆሜ ቢሆን እንደዚያ አልፈራም ነበር።

እህቴን እጇን ይዤ ወደ ደረጃው አወጣኋት። «እትዬ፣ ኬኩ ተበላሽቷል። ሁላችሁም በላችሁት። ልጅሽም በላችው።»

«አንቺ ደግሞ ነገር ካልፈለግሽ አይነጋልሽም» አለችኝ። የተረፈውንም ቋጥራ ለባሏ ይዛ ሄደች።

የቀረውን የነገረኝ ባሏ ነው፤ የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ነው፣ ቀልደኛ። ገና እንደጎረሰው ወደ መታጠቢያው ሮጠ። «ሴትዮ፣ ምን አደረግኩሽ?» ብሎ እየሳቀ ሲመለስ እሷ አልሳቀችም። እሱም ሳቁን አቆመ። ለካ ሰውየው ስንት ዘመን ሙሉ የተቃጠለ ምስር፣ የሸተተ ወጥ እየበላ ዝም ብሎ ኖሯል! ፍቅር ነው ይላል እሱ። እኔ ፍርሃት ነው እላለሁ።

እህቴ ተነስታ ወጥ ቤት ገባች። ኮምጣጤውን፣ ነጭ ጋዙን፣ ሽንኩርቱን፣ የልብስ ሳሙናውን ተራ በተራ እያነሳች አፍንጫዋ ሥር ያዘች። ብዙ ቆየች አለኝ። ከዚያ ልጇን ጠራቻት፣ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነችና ኮምጣጤውን አስጠጋችላት።

«ይሄ ምንድን ነው?»

ልጅቷ አሰበች። «ውሃ?» አለች።

እህቴ ብልቃጡን ከደነችና ወደ ቦታው መለሰችው። በማግስቱም እናትና ልጅ እንደ ወትሮው ሥራ ገቡ፤ ምን ያድርጉ፣ እንጀራቸው ነው።

እኔ ግን ዝም የምል ሰው አይደለሁም። ልጅቷ እዚያ በቆየች ቁጥር ያቺ አፍንጫ እንደ እናቷ አፍንጫ ላትመለስ ልትሄድ ነው፤ ይህ ደግሞ ለመገመት ትምህርት አይጠይቅም። ያቺን የረገምኳትን ሴትዮ ቢሮዋ ድረስ ሄጄ አገኘኋት።

«ባለ ፀጉር ቤቷ አይደለሽ?» አለችኝ።

«ነኝ። እርግማኔን አንስቻለሁ» አልኳት። ምን እንዳልኩ አልገባትም፤ ይሻላል።

ሁሉን ነገርኳት። ኬኩ ጋ ስደርስ መጻፏን አቆመች። «አየሽ፣» አለችኝ፣ «ደንቡ ሠራተኛው ቻለው አልቻለው አይልም። ኃላፊነቱ የአሠሪው ነው። አየሩን ማስለካት አለበት፣ የተለካውን ለሠራተኞቹ መንገር አለበት። መርዙን ከሚወጣበት ጠረጴዛ ላይ ስቦ የሚያወጣ ነገር ማስገባት አለበት። ማስክ የሚመጣው ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልበቃ ነው። ሲገቡም ሆነ ሲቆዩ በራሱ ወጪ ያስመረምራቸዋል። ምን እንደሚተነፍሱ ሳያስተምር ማንንም እዚያ ማስገባት አይችልም።»

«ደህና ነን ቢሉሽስ? እኔ እንደማውቃቸው ይሉሻል።»

«ይላሉ» አለች። «ከዚያ በኋላ ነው ሥራዬ የሚጀምረው።»

እኔ በቦታው አልነበርኩም፤ የሆነውን ያወራችልኝ የእህቴ ልጅ ናት። የተቆጣጣሪዋ መምጣት አስቀድሞ ተሰምቶ ኖሮ፣ ያቺ ጠባብ መስኮት ተከፍታ፣ ብልቃጥ ሁሉ ተከድኖ፣ ዝንቦቹ ተጠርገው ጠበቋት። ያም ሆኖ ሴትዮዋ ገና በሩን አልፋ ሳትቆም እንባዋ ዱብ ዱብ አለ። ሁሉም ፈገግ ብለው፣ አንገታቸውን ዘንበል አድርገው አዩዋት። አንዷ መሐረብ አቀበለቻት።

«ማንቂያው የታለ?» ብላ ጠየቀች።

«ተበላሽቷል፣ ይጠገናል» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ግን እመቤቴ፣ የሰውን ምስክርነት የሚያህል ምን አለ? እኔ እዚህ ነው ያደግኩት፣ ምንም አይሸተኝም። ዋሽቼ ከሆነ እሷን ጠይቂያት፣ ከሁላችንም የቆየችው እሷ ናት።» ብሎ ወደ እህቴ ጠቆመ። አልዋሸም እኮ! እዚያ ክፍል ውስጥ አንድም የሚዋሽ ሰው አልነበረም። «ይሸትሻል?» ብትባል እህቴም «አይሸተኝም» ነበር የምትለው፤ እውነቷን። በዚያ እውነት ልጇ እዚያው ትቀር ነበር።

ተቆጣጣሪዋ የራሷን መለኪያ ልታወጣ ቦርሳዋን ስትከፍት፣ እህቴ ወደ መሳቢያው ሄደች። ማንቂያውን አወጣች። ከጋውኗ ኪስ ባትሪ ድንጋይ አወጣች፤ ለካ በጠዋት ገዝታ ነው የመጣችው። ከተተችው።

ጮኸ። ልጅቷ እንደምትለው፣ ከዚያ ጩኸት ይልቅ የሚያስፈራው የእነሱ ፊት ነበር፤ ማንም ጆሮውን አልያዘም፣ ማንም አልደነገጠም፣ የለመዱትን ዘፈን እንደሰሙ ሆነው ነበር የቆሙት።

«ይኸው፣ አላልኩም?» አለ ሥራ አስኪያጁ። «ምንም ሳይኖር ይጮሃል።»

እህቴ የሚጮኸውን ነገር በሁለት እጇ አቅፋ ከክፍሉ ወጣች፣ ደረጃውን ወጣች፣ ደጅ ደረሰች። ድምፁ እየቀነሰ ሄዶ ዝም አለ። ሁሉም በሩን እያዩ ቆሙ። ተመልሳ ወረደች፤ ገና ደፉ ላይ ስትደርስ እንደገና ማልቀስ ጀመረ። እንደገና ይዛው ወጣች፤ ዝም አለ። እንደገና ገባች፤ ጮኸ። ማንም ተው ያላት የለም። አንዷ አፏን በጓንቷ ያዘች። ሌላው ቀስ ብሎ አንድ ብልቃጥ አንስቶ ከፈተና አፍንጫው ሥር ያዘው፣ ከዚያ አስቀምጦ ሌላውን ከፈተ፣ ከዚያ ሌላውን።

«ዕቃው ጤነኛ ነው» አለች እህቴ። «የተበላሸነው እኛ ነን። እኔ ኮምጣጤ ከውሃ አልለይም፣ ባሌ ደብቆኝ ኖሯል እንጂ። የእኔ ይሁን፣ አልፏል። ልጄን ግን በገዛ እጄ ነው ያስገባኋት፣ ኬክ ቆርጬ! ልጄን ከዚህ አውጡልኝ።» አለችና እዚያው ደረጃ ላይ ተቀምጣ አለቀሰች። እኔ በሕይወቴ እሷ ስታለቅስ አይቼ አላውቅም፤ ይህንን ስሰማ እኔም አለቀስኩ።

ተቆጣጣሪዋ በራሷ መለኪያ ለካች፣ ቁጥሩን ለሥራ አስኪያጁ አሳየችው፣ ክፍሉ በዚያው ሰዓት ተዘጋ። አሠሪው እንደ ጉድ ጠበቃ ይዞ ይከራከራል ብዬ ነበር፤ አልተከራከረም። ሥራ አስኪያጁ ቤቱ ሄዶ ሚስቱን «እኔ እሸታለሁ ወይ?» ብሎ ጠየቃት ይባላል፤ ምን እንዳለችው አልሰማሁም። በየጠረጴዛው ላይ አየር መሳቢያ ገባ፣ ማንቂያው ግድግዳው ላይ ተመለሰ፣ ሠራተኛው ሁሉ በአሠሪው ወጪ ሐኪም ዘንድ ተላከ። የተገኘው ውጤትም ለየራሳቸው ተነገራቸው። መጀመሪያ እህቴን ያኮረፏት ነበሩ፤ ኋላ ግን ከመካከላቸው አንዷ ከብዙ ወራት በኋላ የባሏ ካልሲ ሸትቷት በደስታ ደውላላት ስትስቅ ስታለቅስ ዋለች።

ልጃችን ከዚያ ሕንፃ ወጣች። አሁን የከተማውን የመጠጥ ውሃ የሚመረምር ቢሮ ውስጥ ነው የምትሠራው። ሐኪሙ ቶሎ ስለወጣች ማሽተቷ ይመለስላት ይሆናል ብሎ ነበር። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ፀጉር ቤቴ በር ላይ ቆመችና «አክስቴ፣ ፎጣ እያቃጠልሽ ነው እንዴ?» አለችኝ። ዞር ስል እውነትም ፀጉር ማድረቂያው ካስክ ላይ የተረሳ ፎጣ መጨስ ጀምሯል። ደንበኛዬን ግማሽ ፀጉሯን እንደተጠቀለለች ትቼ ልጅቷን አቅፌ ዘለልኩ። «ይቃጠል! ይቃጠል ቤቱ ሁሉ!» አልኩ። ደንበኛዬ ግን አልተስማማችም።

የእህቴ ግን አይመለስም ተባለ። ብዙ ጊዜ ሆኖታል፣ ሥሩ ሞቷል አሉ። ተቀበለችው። ባሏ ወጡን እየቀመሰላት፣ ልጇ ወተቱን እያሸተተችላት፣ እየቀለዱ ኖሩ። «አፍንጫ ተከራይቻለሁ» ትል ነበር።

ከዚያ ባለፈው ክረምት ተመለሰ። ልጅቷ ከሥራ ገብታ እናቷን ልትስም ጎንበስ ስትል እህቴ ድንገት ትከሻዋን ያዘቻት። ፊቷ በራ። «ሸተተኝ!» አለች። «ልጄ፣ ሸተተኝ!» ባሏ ከወንበሩ ዘለለ፣ እኔም እዚያው ነበርኩ፣ እልል ልል አፌን ከፈትኩ። እህቴ አፍንጫዋን በልጇ ፀጉር ውስጥ ቀብራ ረጅም ትንፋሽ ሳበች። ከዚያ ፊቷ ላይ ያለው ብርሃን ሲጠፋ አየሁ።

«ፎርማሊን» አለች።

ልጅቷ ያን ክፍል ከረገጠች ዘመን አልፏል። ሐኪሙ፣ የተጎዳ ነርቭ ሲነቃ አንዳንዴ የሚያውቀውን አንድ ሽታ ብቻ ነው የሚያመጣው፣ ከዚያም የሚያመጣው በሁሉ ነገር ላይ ነው አለን። ዳቦውም ፎርማሊን ፎርማሊን ይሸታታል፣ ሳሙናውም፣ ባሏም። ያንን ሁሉ ችላዋለች። የልጇን ግን አልቻለችም። አእምሮዋ የሐኪሙን ቃል ያምናል፤ አፍንጫዋ አያምንም።

አሁን ልጅቷ ማታ ማታ ከሥራ ስትገባ እህቴ በር ላይ ትጠብቃታለች። ፀጉሯን ታሸታለች። «እውነቱን ንገሪኝ፣ አልቆጣሽም» ትላታለች። «ዛሬም እዚያ ገብተሽ ነበር?»

«አልገባሁም እማዬ።»

«በእኔ ሞት?»

«በአንቺ ሞት፣ አልገባሁም።»

«እሺ የእኔ ልጅ» ትላለች እህቴ። ከዚያ ብርድ ይሁን ዝናብ፣ የቤቱን መስኮት ሁሉ አንድ በአንድ ትከፍታለች።